እናቴ ያለችበትን ቤት ስሸጥ

መጀመሪያ የሸጥኩት ሶፋውን ነው። ሰው ሲጨንቀው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም፤ እኔ ከተቀመጥኩበት ጀመርኩ። የእናቴ ኩላሊት ሥራ ማቆሙን የሰማሁት እሱ ላይ ተቀምጬ ስለነበር ይሆናል፣ ብቻ ዓይኔ ጠላው። ፎቶ አንስቼ ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩት። በማግስቱ ሁለት ወጣቶች መጡ፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ መውጣታቸውን እያማረሩ፣ ከተስማማነው ላይ ቀንሰው ወሰዱት። አልተከራከርኩም። አቦ፣ መከራከርም አቅም ይጠይቃል።

እናቴ ድሬዳዋ ናት። በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በማሽን ካልታጠበ ትሞታለች፤ ሐኪሙ ለአጎቴ ልጅ የነገረው እንዲህ ብሎ ነው፣ ሳያለባብስ። የአጎቴ ልጅም ሳያለባብስ ለእኔ ነገረኝ። አንዴ ከፍለሽ የምትገላገይው ነገር አይደለም፣ በየመጣችበት ቀን ይከፈላል። ከወንድም ከእህት ማንም የለኝ፤ ያለሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ለንደን፣ አርችዌይ ነው የምኖረው፣ ሥራዬም ሆስፒታል ማጽዳት ነው። የማጸዳው ዋርድ ውስጥ ያ ማሽን ተደርድሯል። ሰዎች ይመጣሉ፣ ክንዳቸውን ይሰጣሉ፣ ጋዜጣቸውን እያነበቡ ይታጠቡና ሳንቲም ሳይከፍሉ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አንዳንዱ ሳንድዊቹ ደረቀብኝ ብሎ ይነጫነጫል። እኔ ሥሩን እየወለወልኩ በቅናት አንጀቴ ቅጥል ይላል። በሽተኛ ላይ መቅናት ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ቀናሁ፣ ምን ላድርግ።

እናቴን ወደዚህ ላመጣት ቪዛ አፕላይ አድርጌ ነበር። ሪፊዩዝ ሆነ። ደብዳቤው ታዲያ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! እዚህ አገር ሲከለክሉሽም አመስግነው ነው።

ከሶፋው በኋላ የምግብ ጠረጴዛው፣ ፍሪዘሩ፣ ምንጣፉ፣ የስፌት መኪናው ሄዱ። አልጋውም ተሸጦ ፍራሼን መሬት ላይ አነጠፍኩ። ቡፌው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከሼፈርድስ ቡሽ በአውቶብስ፣ በሁለት ዙር፣ ሰው እየተቆጣኝ ያመጣሁት ቡፌ። እሱን ልታይ ሰቨን ሲስተርስ ሠፈር ሱቅ ያላት አንዲት ያገሬ ሰው መጣች። መስታወቱን በጣቷ እየነካካች ባዶውን ሳሎን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«አገርሽ ልትገቢ ነው?» አለችኝ።

ዕቃውን ጠቅልሎ የሚሸጥ ሐበሻ ወይ አገሩ ሊገባ ነው ወይ አብዷል። ከሁለቱ የሚሻለውን መረጥኩ።

«አዎ፣ ኢንሻአላህ።»

«ታድለሽ» አለች ከልቧ። «ቤት አለሽ ለመሆኑ?»

«አለኝ» አልኳት። ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም።

ቤቱ ከዚራ ነው፣ ፈረንሳዮች ባቡሩን ይዘው ሲመጡ በማስመሪያ ያሰመሩት ሠፈር፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ በሰልፍ የቆመ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከመሞቱ በፊት ቤቱን በእኔ ስም አዞረው፤ ጣሪያውም ግቢውም የታደሰው በእኔ ብር ስለሆነ ይገባታል ብሎ። እናቴ ወረቀት አንብባም ጠይቃም አታውቅም። ቤቱ ቤቷ ነው፣ አለቀ።

ዛሬ ያቺ ከተማ በየጥጋጥጉ ፎቅ ታበቅላለች። የአጎቴ ልጅ «የሚፈልጉት ቦታውን ነው፣ ቤቱን ማን ያየዋል» አለኝ። በሕግ መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው ላዩ ላይ ያለው ቤት ነው። ገዢው ግን ቤቱን ገዝቶ ያፈርሰዋል፤ ይህን ሻጩም ያውቃል፣ ደላላውም ያውቃል፣ ሁሉም ይፈርማል። እኔም ለመፈረም ቆረጥኩ። ለእናቴ ሆስፒታሉ አጠገብ ሁለት ክፍል እከራይላታለሁ፣ በቀረው ለዓመታት ትታከማለች። ለእሷ ቤቱ ሊታደስ ነው እንላታለን። «እንዳትሰማ» አልኩት የአጎቴን ልጅ። «ከሰማች አለቀልን።» የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔ ከዚያም ብሼ እናቴን ከነነፍሷ ከቤቷ ላወጣ ተነሳሁ። ኤምባሲ ሄጄ ውክልናውን ላኩለት።

ገዢ ሳይውል ሳያድር ተገኘ፤ ነጋዴ ነው፣ ሰላቱ የማያልፈው ሰው። ከአጎቴ ልጅ ጋር በዋጋ ተስማሙ። ሊፈራረሙ ሲሉ ግን «ጎረቤቱ ተጠይቋል?» ብሎ ብዕሩን አስቀመጠ። በእኛ ሠፈር ቤት ሲሸጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ነው። ልግዛው ካለ እሱ ይቀድማል፤ አልፈልግም ካለ ለሌላ ይሆናል። ጎረቤት ያልተጠየቀበት ቤት በረካ የለውም ይባላል። ሰውየው ያለዚያ ንክች አላደርግም አለ።

ጎረቤታችን የአባቴ የሥራ ባልደረባ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ደወልኩላቸው። ለንደን የአዲስ አበባ ሰው መሀል ስኖር አንቱታ ለምዶብኝ «እንዴት ነዎት?» ብል ሳቁብኝ።

«ምነው ልጄ፣ ድሬ ላይ ማን አንቱ ሲባል ሰምተሻል? የሞትኩ መሰለኝ እኮ።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «እኔ በምን አቅሜ እገዛለሁ» አሉኝ። «ለሌላ ስጪው። በእኔ በኩል ሐላል ነው። አላህ እናትሽን ይማርልሽ።» ስልኩን ስዘጋ እፎይታ ይሁን ሐዘን እንጃ፣ ብቻ አለቀስኩ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ሞት ይርሳኝ፣ ለእናቴ እንዳትነግርብኝ አላልኳቸውም። በስልክ «አልፈልግም» ካሉ ያለቀ ነው የመሰለኝ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሁሉን ነገር በኢሜይል ኮንፈርም አድርጊ እየተባልኩ ኖሬ። ጎረቤት መብቱን በስልክ አይተውም። ለብሶ፣ ሁለት ምስክር ይዞ፣ ይሸጣል የተባለው ቤት ድረስ ሄዶ ለባለቤቱ ፊት ለፊት ነው የሚናገረው። አባቴ ሲሄድ በልጅነቴ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዴት ጠፋኝ? አሁንም ድረስ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው የእናቴን በር አንኳኩ። «ቤቱን አንፈልገውም፣ ለገዛው ሐላል ይሁን» አሏት። እናቴ ወንበር አወጣችላቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው፣ አመሰገነቻቸው፣ እስከ ግቢው በር ሸኘቻቸው። ከዚያ ደወለችልኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ጎረቤታችን መጥቶ ነበር» አለችኝ።

«እማ...»

«ደህና ሰው ነው። በወጉ፣ ሰው ይዞ ነው የመጣው። ግድግዳ ስለሚጋራ ተጠየቀ አሉኝ። እኔስ? እኔ ከግድግዳ አንሼ ነው?»

ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለፈለፍኩ፤ ስለማሽኑ፣ ስለ ሁለቱ ክፍል፣ ከሆስፒታሉ የአምስት ደቂቃ መንገድ ስለመሆኑ። ለእሷ ነፍስ ብዬ ያደረግኩት መሆኑን ነገርኳት።

«የእኔ ነፍስ ከሆነ እኔን ነበራ የምትጠይቂው» አለች። «ቅዳሜ ሆስፒታል አልሄድም።»

«አፈር ስሆን እማ፣ እንዲህ አትበይ።»

«ደክሞኛል ልጄ። መርፌው ደክሞኛል፣ በየሁለት ቀኑ መመላለሱ ደክሞኛል። ታግሼ የኖርኩት ከዚያ ወጥቼ ቤቴ ስለምገባ ነው። በሰው ቤት ሆኜ አልመላለስም።»

ያኔ ነው ንዴት የያዘኝ። እናቴ ላይ ጮህኩ። ሶፋዬን ሸጬ፣ አልጋዬን ሸጬ፣ በዚህ ዕድሜዬ መሬት ላይ እየተኛሁ፣ አንቺ አልሄድም ትያለሽ አልኳት። ይህን አታውቅም ነበር።

«መሬት ላይ ነው የምትተኚው?» አለች። ድምጿ ተሰበረ። «እሱንም አልነገርሽኝ። አንቺ ልጅ፣ ብቻሽን ቆርጠሽ ብቻሽን ትሸጫለሽ። በይ አሁን ጠይቂኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ሰው እንደሚጠይቅ።»

ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪ ሲያልፍ ይሰማኛል። እኔ የተቀመጥኩት ንጹሕ አንሶላ ክምር ላይ ነው። ወረቀቱ በስሜ ነው፤ የአጎቴ ልጅ ማህተም ያለበት ውክልና ይዟል፤ ገዢውም እየጠበቀ ነው። ሳልጠይቃት መሸጥ እችል ነበር። ጠይቄያትም እምቢ ብትለኝ መሸጥ እችል ነበር። ቤቱ ግን ያለ እሷ ፈቃድ ቢሸጥም፣ ክንዷን ያለ ፈቃዷ ለማሽኑ የሚሰጥ ማንም የለም።

«እማ፣ ቤቱን ልሽጠው?»

«አትሽጪው።»

ቤቱ ካልተሸጠ ለማሽኑ የሚከፈል የለም፤ እሺ ብል ምን እንደማደርግ አውቄዋለሁ። እሷም አውቃዋለች፤ ለዚህ ነው ሳትቸኩል የጠበቀችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ ጋ ሳትመለስ አሥራ አንድ ቀን ኖረች፣ በገዛ አልጋዋ። በየቀኑ እደውልላት ነበር፤ ስለ ሠፈሩ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ማንም ስለ ምንም እናወራለን። ሐሳብሽን ለውጪ ብዬ ግን አንድም ቀን አልለመንኳትም። ጠይቄያት መልሳልኛለቻ።