እጁን ያልዘረጋው እንግዳ

አባቴ ግትር ናቸው። የምወዳቸው ሴት ልጃቸው ስለሆንኩ ይህን የመናገር መብት አለኝ። ስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋትና ማታ መርፌ ይወጋሉ፤ ከተወጉ በኋላ ደግሞ ቶሎ እህል መቅመስ አለባቸው፤ አለበለዚያ ስኳሩ ወርዶ ራሳቸውን ይስታሉ፣ ከዚያም የባሰ ይመጣል። ይህን ሐኪሙም ነግሯቸዋል፣ እኔም አፌ እስኪደርቅ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ግን በዓመት አንድ ቀን፣ ሐምሌ ሰባት፣ ሐኪም አያውቁም። ያን ቀን የሚያውቁት አብርሃምን ነው።

ሐምሌ ሰባት ሥላሴ በአብርሃም ቤት የገቡበት ቀን ነው፤ ቤታችንም ከቅድመ አያት ጀምሮ የሥላሴን ዝክር ይዘክራል። በግ ይታረዳል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠመቃል። ቄሱ ይባርካሉ፣ ጎረቤት በልቶ ጠጥቶ መርቆ ይሄዳል። አባቴ ግን ፈጽሞ የማያውቁት መንገደኛ መጥቶ ከማዕዳቸው ካልቀመሰ በቀር ያን ዕለት እህል ባፋቸው አይዞርም። አብርሃም ያለ እንግዳ አይበላም ነበራ።

ታሪኩን ከጋራው ማዶ ትናንት የሆነ አስመስለው ነው የሚያወሩት። ሰይጣን በአብርሃም ደግነት ቀንቶ ራሱን ፈነከተና ደሙን እያዘራ መንገድ ዳር ተቀመጠ፤ አላፊ አግዳሚውንም፣ አብርሃም የድሮው አብርሃም እንዳይመስላችሁ፣ እንዲህ ፈንክቶ ሰደደኝ እያለ መለሰው። አብርሃም ሦስት ቀን ጦሙን አደረ። በመጨረሻ ሥላሴ ራሳቸው በእንግዳ አምሳል መጡለት፤ ደክሞናል ቢሉት አዝሎ አስገባቸው። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ትከሻቸውን ይነካሉ።

ቤታችን ከዘመሮ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ እንግዳ ቸግሮን አያውቅም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ሰኔ ሙሉ የዘነበው ዝናብ መንገዱን አጨቀየው፤ ሐምሌ ሰባት ንጋት ላይ ደግሞ እጅ ቢዘረጉ ጣት የማያሳይ ጭጋግ ወረደ። እኔ ከማስተምርበት ከመሐል ሜዳ ዋዜማውን ደርሼ ነበር። ቄሱ መጡ፣ ጎረቤት መጣ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ሁሉም ሄደ። መንገደኛ ግን የለም። ሰይጣን ያን ቀን መንዝ ድረስ መጥቶ ራሱን መፈንከት አላስፈለገውም፤ ጭጋጉ ሠራለት።

የጠዋቱን መርፌ ሆን ብዬ አዘግይቼዋለሁ። አለመወጋታቸውም ጉዳት ነው፣ ተወግተው አለመብላታቸው ደግሞ ይብሳል። አምስት ሰዓት ገደማ ውሻችን አጥር ጥሶ ሊወጣ እስኪደርስ ጮኸ። ይህ ውሻ የሚጮኸው ለባዕድ ብቻ ነው፤ የመንደሩን ሰው ሁሉ በጠረኑ ያውቃል። ተመስገን አልኩና መርፌውን አንስቼ ወጋኋቸው። ወዲያው በሩ ተከፈተ፤ የገባችው ለዝናቡ ጠረኗን በደበቀ አዲስ ላስቲክ ከራሷ እስከ እግሯ የተጠቀለለች የታች ቤት ጎረቤታችን ናት። ሞሰብ ክዳን ረስታ ልትወስድ ነው የመጣችው።

በቁሜ ደረቅሁ። ከዚያ ግን ብልጠት መጣልኝና ሴትዮዋን አስቀምጬ፣ በይ ቅመሺ፣ እንግዳችን አንቺ ነሽ አልኳት። አባቴ እኔን ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

“ጎረቤት እንግዳ አይደለም፤ ቤተሰብ ነው” አሉ።

ለመንኩ፣ አፈር ስሆን አልኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩም። ስኳር በሻይ በጥብጬ ባቀርብ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ሰባ ዓመት የጠበቅሁትን በአንድ መርፌ አላፈርስም አሉኝ። ግንባራቸው ላይ ላቡ ችፍ ሲል ጎረቤታችንን አብራቸው እንድትቆይ ነግሬ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ መንገዱ ሮጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ እየሮጥኩ አብርሃምን ረግሜዋለሁ። ንስሐ ገብቼበታለሁ።

ጭጋጉ ውስጥ ስንት እንደሄድኩ አላውቅም፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁና ወደ ድምፁ አቀናሁ። አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና በአንድ ጎኗ ተንጋዳ ቆማለች፤ ዝናብ ልብሱን እስከ ቅንድቡ የሸፈነ አንድ ሰው ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ጎማ ይቀይራል። በግ ሊገዛ ከቆላው ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣ ነጋዴ ነበር። ደህና ዋልክም አላልኩት።

“ወንድሜ፣ አባቴ ሊሞቱብኝ ነው፤ ናና እህል ብላልኝ።”

እብድ መስዬው ይሆናል። ቢሆንም መፍቻውን አስቀመጠ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገና ተከተለኝ። ምንድን ነው፣ ለምንድን ነው አላለም። እኔም በመንገድ ላይ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ስለ መርፌውና ስለ ዝክሩ ነገርኩት እንጂ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

አባቴ ጎረቤታችንን አታለው ከቤት ወጥተው፣ የበግ ጠጉር ባናቸውን እንደደረቡ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እሳቸውም በአቅማቸው እንግዳ ፍለጋ መውጣታቸው ነው። ሊነሡ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሰውየው አንድ ቃል ሳይናገር ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠና አዘላቸው። አባቴ በትከሻው ላይ ሆነው፣ ተገለበጠ እኮ፣ ማዘል የነበረብኝ እኔ፣ እያሉ ሲያጉተመትሙ እስከ በሩ ደረስን።

ምድጃው ጥግ መደቡ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸውና ማዕዱን አቀረብኩ። እንግዳው ሊታጠብ ዝናብ ልብሱን ወደ ኋላ ሲገፋ ራሱ ላይ ነጭ ኮፍያ አየሁ። ክው አልኩ። እስላም ነው። ሞሰቡ ላይ ያለው ክርስቲያን ያረደው የበግ ወጥና ቄሱ የባረኩት ዳቦ ነው። እነሱ የእኛን እርድ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም፤ የጥል ነገር አይደለም፣ ሁላችንም ተከባብረን ያደግንበት ሥርዓት ነው። አገር የሚያውቀውን ነገር እኔ በድንጋጤ ረሳሁት።

የአባቴ ዓይን በደህና ቀንም ደከም ያለ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጭርሱን ደብዝዞባቸዋል። እንጀራውን ቆርሰው፣ ሥጋውን ጠቅልለው፣ በሞቴ ብለው ሊያጎርሱት እጃቸውን ዘረጉ። በሞቴ የሚለውን ቃል ያን ቀን ያህል ፈርቼው አላውቅም። የእንግዳው እጅ ከጉልበቱ አልተነሣም፤ ፊቱንም ወደ ጎን መለስ አደረገ። የአባቴ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። ቤቴን ተጸየፈው ማለት ነው አሉ።

እንግዳው የጎረሰ መስሎ ቢዋሽ ማን ያየው ነበር? ጥሎን ቢወጣስ ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

“አባባ፣ በእኛም ኪታብ የነቢዩላህ ኢብራሂም እንግዶች ለቀረበላቸው ጥጃ እጃቸውን አልዘረጉም። እሳቸው ይህን አይተው ደነገጡ። እንግዶቹ ግን አይፍሩ፣ በደግ ነው የመጣነው አሏቸው። እኔ መልአክ አይደለሁም፣ ጎማ የተነፈሰብኝ ነጋዴ ነኝ። ግን ቤትዎ ገብቻለሁ፣ እሳትዎን ሞቄአለሁ። ያቺን ምድጃው ጥግ በሰፌድ ያለችውን የገብስ ቆሎ ይስጡኝ፣ እርስዎም ይብሉ።”

አባቴ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። እንግዶቹ አልበሉም እንዴ፣ ብለው ጠየቁ። አልበሉም አለ። እኛ ዘንድ እሳት ቅቤ እንደሚበላ በልተዋል ነው የሚባለው፣ አሉ አባቴ፣ ነገር የሚቀምስ ሰው በሆነ ድምፅ። እኔ በነፍስ ጭንቅ ላይ ሳለሁ ሁለቱ ጉባኤ ዘረጉ! ቆሎውን ከነሰፌዱ አንሥቼ መሃላቸው አስቀመጥኩ። እንግዳው ቢስሚላህ ብሎ ዘግኖ ቆረጠመ። አባቴ አፉ ሲንቀሳቀስ ጠጋ ብለው አዩ፣ ከዚያ አማተቡና ጎረሱ። አስቀድሜ ያዘጋጀሁትን ማርም አስከትዬ አጎረስኳቸው። ጎረቤታችን እልል አለች፤ እኔ ግን በር ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በኋላ መምህርነቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ነገሩን ሳገላብጥ፣ አይሁድም የአብርሃም ድንኳን ከየአቅጣጫው ለሚመጣ መንገደኛ በአራቱም ማዕዘን በር ነበረው እንደሚሉ አነበብኩ። እንግዶቹም የበሉ መሰሉ እንጂ አልበሉም የሚሉ ሊቃውንት አሏቸው። ለአባቴ ስነግራቸው ብዙ አልገረማቸውም። አንድ ሽማግሌ ሦስት ቤት ከበላ ሦስት ዓይነት ይወራለታል አሉኝ።

እንግዳው ከዚያ ወዲህ በስልክ ሳይጠይቃቸው የሰነበተበት ጊዜ የለም። በዓመቱ ሐምሌ ሲቃረብ አባቴ ለዝክሩ ከተገዙት ሁለት በጎች አንዱን እንዳታርዱ ብለው ከምሰሶው አሰሩት፤ አዲስ ቢላና አዲስ ድስትም አስገዙኝ። እሱ በእጁ ባርኮ ያርዳል አሉ። እኔም አፌ አያርፍም፣ ታዲያ እሱ እኮ አሁን ዘመድ ነው፣ በእርስዎ ሕግ እንግዳ አይሆንም፣ በማን ሊበሉ ነው ብዬ ነዘነዝኳቸው። ከእሱ ጋር በስልክ ሲያወሩ ይህንኑ ጭንቀታቸውን ሳይነግሩት አልቀሩም።

በዕለቱ መርፌውን ይዤ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ውሻው ጮኸ። ካለፈው ተምሬአለሁና አልወጋሁም፤ ወጥቼ በዓይኔ አየሁ። ነጋዴው ነው የመጣው። ውሻው ግን እሱን ጭራውን እየቆላ ያሸተዋል፤ የሚጮኸው ከኋላው በምርኩዝ ቀስ እያሉ ለሚወጡ አንድ ነጭ ጢማም ሽማግሌ ነው።

ነጋዴው ፈገግ ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

“አባቴን ይዤልዎት መጣሁ” አለ። “እሳቸውን አያውቋቸውም።”

አባቴ እንደ ምንም ተነሥተው፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና እጅጌአቸውን ሰበሰቡ።

“መርፌውን አምጪው” አሉኝ።