«ናጋ» ያሉት ሽማግሌ

ሲስተር እናትነሽ ነገሌ ዳር በነበረችው ትንሽ የሚሲዮን ሆስፒታል ስትቀጠር ገና ወጣት ነበረች፤ ጸጉሯ ሽበት እስኪያወጣም እዚያው ቀረች። ሙያዋን የተማረችው አዲስ አበባ ነው። የቦረናን ወንድ ጠባይ ግን ያስተማሯት ቦረናዎቹ ራሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ዓመቷ ወይፈን ሆዱን የወጋውን አንድ ጎልማሳ በኦሮምኛ «አካም?» ብላ ደህንነቱን ብትጠይቀው «ናጋ» አላት፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ይህን እንዳለ እፊቷ ራሱን ስቶ ወደቀ። እዚህ አገር ወንድ ልጅ በሰው ፊት ከሚያቃስት ሞቱን ይመርጣል።

ከዚያ ወዲያ እናትነሽ የወንዶቹን አፍ ማመን ተወች። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እግራቸውን ታያለች። የእግራቸው ጣቶች ከተኮራመቱ ህመም አለ፤ መርፌዋን ይዛ ትመጣለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ለምን ይዋሻል፣ በዚህ ትኮራ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. አዲስ የመጣው ዶክተር ራሺድ፣ ጉራቻ የሚባሉ ከሊበን የመጡ ሽማግሌ አንጀታቸው ተጠማዝዞ ሊሞቱ ሲሉ ቀዶ አዳናቸው። ቀጥሎ ያደረገው ግን ለክፍሉ እንግዳ ነበር። ከአከርካሪያቸው አጠገብ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ በዚያች ቱቦ ሁለት መድኃኒት አዋህዶ ሰጣቸው፤ አንዱ የሚያደነዝዝ፣ ሌላው ሞርፊን።

«ሁለቱ ሲተጋገዙ ከእያንዳንዱ ትንሽ ይበቃል» አላት። «እስከ ነገ ጠዋት ሌላ የህመም መርፌ እንዳይሰጧቸው፣ ሲስተር። ከተደራረበ ትንፋሻቸውን ያቋርጠዋል።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ሽማግሌው አልጋ ሄደች።

«አካም፣ አባቴ?»

«ናጋ» አሉ ጉራቻ ፈገግ ብለው።

የምን ናጋ፣ አለች በልቧ፤ ሆዳቸው ከላይ እስከ ታች ተቀዶ! ብርድ ልብሱን ገለጠች። ጣቶቻቸው ዘና ብለዋል። ግን የደነዘዘ እግር ምን ይመሰክራል? ዶክተሩም ቢሆን ጎበዝ ነው እንጂ ቦረናን መች ያውቃል። ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነክሰው ሲሰቃዩ በዓይነ ሕሊናዋ ታያት፤ አንጀቷ አልችል አለ። የሞርፊን ዘመድ የሆነውን የህመም መርፌ፣ ፔቲዲን፣ ቀድታ ጭናቸው ላይ ወጋቻቸው።

ሌሎቹን በሽተኞች አይታ ስትመለስ የሽማግሌው ባለቤት ከሚላ በር ላይ ተቀበለቻት።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ» አለቻት። «ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው።»

እናትነሽ ወደ አልጋው ተጠጋች። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ደረታቸው አይንቀሳቀስም። የዓይናቸውን ቆብ ብትገልጥ ብሌናቸው ሰሊጥ አክሏል። አንድ ሰው ሲጮህ ሰማች፤ የጮኸችው ራሷ መሆኗን ያወቀችው ዶክተሩ እየሮጠ ሲገባ ነው።

«ምን ሰጧቸው?»

«ፔቲዲን።»

ማርከሻው መድኃኒት በሆስፒታሉ አልነበረም። በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ከረጢት አፍና አፍንጫቸው ላይ ገጥመው እየተፈራረቁ አስተነፈሷቸው። ከሚላ ግድግዳውን ተደግፋ ታያቸዋለች። እናትነሽ ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም።

«መጀመሪያ ጠይቀዋቸው ነበር?» አለ ዶክተሩ ላቡን እየጠረገ።

«ጠይቄያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

እናትነሽ ከረጢቱን ከእጁ ተቀብላ መጭመቅ ቀጠለች።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጉራቻ በራሳቸው መተንፈስ ጀመሩ። እናትነሽ ከረጢቱን ከእጇ ማውረድ ፈርታ ብዙ ቆየች።

በማግስቱ አልጋቸው አጠገብ ስትቆም «አካም» ሳትል ትንፋሻቸውን መቁጠር ጀመረች። ቀድመው ያናገሯት ሽማግሌው ናቸው።

«ትናንት ናጋ አልኩሽ» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ግራ የገባቸው ይመስላሉ። «እውነቴን ነበር። ምንም አላመመኝም። ሌላ ምን ልበልሽ ኖሯል?»

እናትነሽ ያን ያህል ዘመን አብራቸው ኖራ፣ የቦረና ወንድ የእውነት ደህና ሲሆን ምን እንደሚል አንድም ቀን አስባው አታውቅም ነበር።