መሪው ከጠበቀ በኋላ

ባለቤቴ ዕድሜውን የመንግሥት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ አንዲት ያረጀች ነጭ ፒክአፕ ገዛ። እኔ እዚሁ ደብረ ታቦር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ልጃችን አግብታ ባሕር ዳር ከገባች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። እሱ ከገጠር ገብስና ድንች እየጫነ ለነጋዴ ያደርሳል፤ እኔ ማታ ማታ ደብተር አርማለሁ።

ባለፈው ክረምት መኪናዋ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች። ቀስ እያለች ወደ መንገዱ ጠርዝ ትሄድና ጎማው ጠጠር ሲረግጥ ባለቤቴ ብንን ብሎ ይመልሳታል።

«ምን ሆነች?» እለዋለሁ።

«መሪው ነው። ላልቷል።»

እውነትም ላልቶ ነበር። እጁን ሲያሳርፍበት ከነዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ ኮረኮንች ላይ ስንደርስማ ሊነቀል እንደደረሰ ጥርስ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ አመንኩት። የግቢያችንን በር ምሰሶ ሲገጨው መሪው ነው፤ የጎረቤታችንን በግ ለጥቂት ሲስታት መሪው ነው። «ታዲያ ለምን አትሠራውም?» ስለው «እሠራዋለሁ» ይላል። የሚነዳውን መኪና ዕድሜ ልኩን ራሱ ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሰው ለዚህ ነገር እጁ ሲዘገይ እንዴት እንዳልጠረጠርኩ ዛሬም ይገርመኛል።

የባሰው ከወንዛዬ ፍል ውሃ ስንመለስ ነው። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ፍል ውሃው ጥቂት ቀን ከርመን ነበር። ወረታን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ፣ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ከዳሽቦርዱ ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው መሪው ከነዘንጉ ወርዶ ባለቤቴ ጭን ላይ አረፈ። በሁለት እጁ ወደ ላይ አንስቶ እንደያዘው ፍሬን ረገጠና ቆምን። ከመንገዱ በታች ያለውን ገደል ጉም ሞልቶት ነበር።  በኋላ ወርዶ ከጭነት ማሰሪያው ገመድ ቆረጠና ዘንጉን ወደ ላይ ጠፍንጎ አሰረው፤ በሰው እርምጃ እየነዳ ቤታችን አደረሰን።

«ነገ ካልሠራኸው ሁለተኛ አልሳፈርባትም» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት የባትሪውን ሽቦ ነቀለ፤ ከመሪው ሥር ያለውን መሸፈኛ ፈታና በጀርባው ተንጋሎ ከዳሽቦርዱ በታች ገባ። እኔ ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ሆኜ የእጅ ባትሪ አበራለታለሁ። ዘንጉን ተሸክመው ከሚይዙት አራት ብሎኖች አንዱ ጨርሶ ወድቋል፤ የአንዱ ጥርስ ተበልቷል፤ ሁለቱ በጣት ይዞራሉ።

«የብሎን ቁልፉን ስጪኝ።»

«አጠገብህ አስቀመጥኩልህ እኮ።»

«የቱ ጋ?»

በቀኝ እጁ ምንጣፉን ይዳብሳል። ቁልፉ ከክርኑ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። መብራቱን አዞርኩበት፤ ብረቱ አብለጨለጨ። ዓይኑ ተከፍቶ ነበር፤ ግን አላየውም። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደዚያ ሲያዞር ብቻ «እህ» ብሎ አነሳው። ቦታው ጠቦት ነው ብዬ አለፍኩት።

ብሎኖቹን ለመግጠም ዓይን አላስፈለገውም። «ወደ ላይ ግፊው» ይለኛል፤ መሪውን በሁለት እጄ ደግፌ እይዝለታለሁ፤ እሱ ቀዳዳውን በጣቱ ጫፍ ፈልጎ አዲሱን ብሎን ያስገባና ያጠብቀዋል። አራቱም ገቡ። ከዚያ ወጥቶ መሪውን ጨብጦ በሰውነቱ ክብደት ሁሉ ተንጠለጠለበት። ንቅንቅ አላለም።

«እፎይ፣ ተገላገልን!» አልኩ።

እሱ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ ከጸዳም በኋላ መጥረጉን አላቆመም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከጋፋት ወዲያ ካለ ገበሬ ገብስ ልንጭን ወጣን። ዝናቡ አባርቶ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነበር። በቀኙ ጠርዝ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደምንሄድበት አቅጣጫ ይራመዳሉ። ከሩቅ ስላየኋቸው እሱም ያያቸው መስሎኝ ዝም አልኩ። መኪናዋ ግን እንደ ልማዷ ቀስ እያለች ወደ ጠርዙ ሄደች።

«ሰው! ሰው!» ብዬ ጮኽኩ።

መሪውን ጠመዘዘው፤ መሪውም ታዘዘለት። ቢሆንም የጎን መስታወቱ ጃንጥላውን መታና ቄሱ ቦዩ ውስጥ ወደቁ።

ሮጠን ወረድን። መዳፋቸው ተልጦ ይደማል፤ ነጠላቸው ጭቃ ሆኗል። ደግፈን አነሳናቸው።

«ምነው ልጄ፣ በጠራራ ፀሐይ አላየኸኝም?» አሉት።

«አባቴ፣ መሪው…» ብሎ ጀመረና ወደ መኪናዋ ዞሮ ተመለከተ። «መሪውስ ደህና ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አላየሁዎትም።» ከእግራቸው ሥር ወደቀ።

በያዝኩት ውሃ መዳፋቸውን አጠብኩላቸው። ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድዎ ብንል እንቢ አሉ። «እኔን እግዚአብሔር አውጥቶኛል። አንተ ግን ዓይንህን ታመሃል፤ ታከም» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውን፣ የተሰበረውን ጃንጥላ እንደያዙ እያነከሱ ሄዱ።

ባለቤቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ጡረታ ሳልወጣ። ፊት ለፊት ያለውን አያለሁ። ጎንና ጎኑ መጀመሪያ እንደ ጭስ ሆነብኝ፤ አሁን ጭሱም የለም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ታስቆሚኝ ነበር።»

መኪናዋን እዚያው ቆልፈን ወደ ከተማ በእግር ተመለስን። ሹፌር የሆነው ጎረቤታችን ሄዶ መኪናዋን አመጣልን። ጎንደር ያየው ሐኪም የዓይኑ ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን እንደጎዳው ነገረን። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ጠዋትና ማታ ጠብታ አደርግለታለሁ።

መኪናዋን አንድ የእህል ነጋዴ ገዝቶ ወሰዳት። ባለቤቴ ማርሹ እንዴት እንደሚገባ፣ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደምትነሳ አንድ በአንድ አስረዳው። ሰውየው መሪውን ነቅነቅ አድርጎ «ይኼ እንኳ እንደ አዲስ ነው» ሲል ባለቤቴ ቤት ገባ። ተከትዬው ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እስከ ማግስቱ እህል አልቀመሰም።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። እንዲሠራው የወተወትኩት ለራሴ ፈርቼ ነበር። ገደሉን ፈራሁ እንጂ በጠርዙ የሚሄደውን ሰው አላሰብኩም። ከዚያ በፊት ብቻውን ሲነዳ ማንን ገፍቶ እንዳለፈ እሱም አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

አሁን ለሕክምና ጎንደር የምንሄደው በአውቶቡስ ነው። ከሹፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ቢሆን እንኳ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። እኔ በቀኙ እቀመጣለሁ። በመስኮቱ በጠርዙ የሚሄደውን ሰው ሁሉ አያለሁ።