ሐምሌ ላይ ዝም ያለችው ዊኒ

ዊኒ ታፕሰልና እኔ ሰሜን ለንደን ውስጥ፣ የአካባቢው ምክር ቤት ለሠራተኞች በሠራው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ፣ አንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረናል። በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ቆማ ስትሠራ ጉልበቷ አልቋል፤ ምላሷ ግን አላለቀም። ቁልፏን በሲባጎ አስራ ደብዳቤ ከሚጣልበት የበሩ ቀዳዳ ጀርባ ታንጠለጥላለች፤ ጎረቤት እጁን ሰዶ ሲባጎውን ይስብና ከፍቶ ይገባል። የእናቷ ልማድ ነው።

“አንቺ ሴትዮ፣ ዘመኑ ተቀይሯል” ስላት፣

“እኔ መቼ ተቀየርኩ? ይልቅ ሻይ ትጠጫለሽ?” ትለኛለች።

ያንን ሲባጎ አብዝቶ የሳበው የአምስተኛ ፎቁ ኪት ነበር። እናቱ ሥራ ስትውል ዊኒ ቤት ዳቦ በማርማላታ እየበላ አደገ። በፈረንጆቹ 1985 ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። የሰፈራችን ቆርቆሮ ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ አላገኘም።

ሐምሌ ላይ ዊኒ ከገበያ ስትመለስ ቴሌቪዥኗና የሟች ባሏ ሰዓት የሉም። በሩ አልተሰበረም። ሲባጎው ቦታው ተመልሷል። ያ በር ደግሞ ከፍ አድርገው ካልሳቡት በቀር አይገጥምም፤ ገጥሞ ተዘግቷል። የማን እጅ እንደሆነ ሁለታችንም ገባን።

“ፖሊስ እንጥራ” አልኳት።

“ሚያዝያ ላይ የሆነውን ረሳሽው እንዴ?”

አልረሳሁም። ለአንዲት የተነጠቀች ቦርሳ ውሻ ይዘው መጥተው፣ ሦስት በር ሰብረው፣ አሥራ አራት ወጣት ደረጃው ላይ እየደበደቡ ወሰዱ። አንዱም አልተከሰሰም። ከዚያ ወዲህ ሕንፃው ውስጥ ለፖሊስ የሚናገር ሰው ጠፋ።

“ለአንድ ቴሌቪዥን አሥራ አራት ልጅ አላስወስድም” አለች። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ቀን ኮራሁባት።

መስከረም ላይ ምክር ቤቱ ቤት ለቤት እየዞርኩ ምን ወንጀል ደረሰባችሁ፣ ለማንስ ተናገራችሁ ብዬ እንድጠይቅ ቀጠረኝ። ያንኳኳሁት በር ሁሉ ጉድ አለበት። ከመሸ ደጅ መውጣት ያቆሙ ሴቶች፣ ሁለቴ ተዘርፈው ትንፍሽ ያላሉ ሰዎች። ዊኒ ጋ ስደርስ “ምንም አልደረሰባትም ብለሽ ጻፊ” አለችኝ። እኔም አፍሬ ጻፍኩ።

ኅዳር ላይ የምድር ቤቱ ሚስተር ፓናዪ ተዘረፉ። ከቆጵሮስ የመጡ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ሞተው ብቻቸውን ሲቀሩ፣ “እዚህ ሁላችንም አንድ ቤት ነን” ብላ ቁልፍ በሲባጎ ማንጠልጠሉን ያስተማረቻቸው ዊኒ ናት። ቀትር ላይ ወንበራቸው ላይ አንቀላፍተው ሲነቁ ሰው የስፌት መኪናቸውን ተሸክሟል። ሊያስጥሉ ተነሡ፤ ገፈተራቸው፤ ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሆስፒታል ሄድን። ዊኒ እጃቸውን ይዛ፣

“ማን እንደሆነ አይተውታል?” አለቻቸው።

“አይቼዋለሁ። አንቺ ቤት ያደገው ልጅ ነው።”

“ለፖሊስ ተናገሩ?”

“እዚህ ለፖሊስ አይነገርም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ዝም አልኩ። ደግ አደረግሁ?”



በዚያው ሳምንት የተከራዮች ስብሰባ ተጠራ። የፖሊስ አዛዡ ከፊት ተቀምጧል። አንዱ “ይሰቀሉ!” ብሎ ጮኸ። አንድ ጢማም የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ተነሥቶ፣ ወንጀል በዛ የሚለው የጋዜጣ ማስፈራሪያ እንደሆነ፣ ዋናዎቹ ሌቦች ከረባት የሚያስሩት እንደሆኑ አስረዳን። ዊኒ ወንበሩን ተደግፋ ቆመች።

“የኔ ጌታ፣ ከረባት ያሰረውን ሌባ አውቀዋለሁ። ፋብሪካችንን የዘጋው እሱ ነው። የፓናዪን ዳሌ የሰበረው ግን ጎረቤቴ ነው። በአንዱ ሌላውን አትሸፍንብኝ!” ወደ አዛዡ ዞረች። “እርስዎም ውሻዎን ቤትዎ ይሰሩ። ስሙን የምናውቀው፣ በእግሩ የሚመጣ፣ በየወሩ እዚህ ቆሞ ለኛ መልስ የሚሰጥ አንድ ፖሊስ ይላኩልን። ያኔ እንናገራለን። ምክር ቤቱም ለደረጃው መብራት፣ ለልጆቹ ሥራ ይፈልግ፤ አለዚያ ነገ ሌላ ኪ…” ብላ ስሙን ዋጠችው።

ሰኞ ጠዋት ፒም የሚባል ፖሊስ ብቻውን፣ በእግሩ መጣ። ዊኒ ታች እንዲጠብቅ ነግራው፣ በዚያ ጉልበቷ እኔን ተደግፋ አምስተኛ ፎቅ ወጣች። ኪት ከፈተ።

“አብረኸኝ ትወርዳለህ ወይስ ብቻዬን ልንገረው?”

“አክስቴ ዊኒ፣ ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያው ግዛ፣ ግዛ ይለኛል። እኔ ሲጋራ እንኳ የለኝም። ያላንኳኳሁት የሥራ በር አለ?”

“የለም፤ አውቃለሁ። ፓናዪስ ምን ነበራቸው?”

አቀረቀረ። ኮቱን ለብሶ ወጣ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ ቆመ።

“ያንቺንም የወሰድኩት እኔ እንደሆንኩ አውቀሻል?”

“በዚያኑ ቀን።”

“ታዲያ ለምን መጥተሽ በጥፊ አላልሽኝም? ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያልኩ ስንት ሳምንት ጠበቅሁሽ። ስትቀሪ፣ እሷም ትታኛለች አልኩ።”

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ዊኒ የደረጃውን ብረት ተደገፈች።

“የፈራሁት ላንተ ነበር፣ ልጄ” አለችው። ከዚያ ክንዱን ያዘች፤ ቀስ ብለን ፒም ወደቆመበት ወረድን።