የዪፍታህ የመንገድ አደራ

ዝሃቫ ከእሑድ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ለስድስት ወር ብሎ ቦርሳውን አዝሎ ቦሊቪያ የሄደው ልጇ ዪፍታህ ድምፁ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነው። የእስራኤሏ ከተማ የአፉላ ልጆች ከውትድርና ሲሰናበቱ እንዲህ ናቸው፤ ሦስት ዓመት ጠረፍ ላይ ሆነው እናታቸውን ያስጨነቁት አይበቃቸውም፣ ደግሞ ገደል ፍለጋ ባሕር ይሻገራሉ።

ሲሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝታው፣ አንድ ሳንቲም መዳፉ ውስጥ አስጨብጣዋለች። «እዚያ ለድሃ የምትሰጠው አደራ ነው። አደራ የያዘ መንገደኛ ክፉ አይነካውም» ስትለው፣ ባሏ ኑሪኤል «የአሮጊት ወሬ!» ብሎ ስቆባት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ፣ ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም እኮ!»

«ገደልከኝ እኮ አንተ ልጅ! ደህና ነህ? አደራዬስ?»

«ሰጠሁት። ገና እንደደረስኩ አንዲት ምስኪን አሮጊት አገኘሁ።»

ዝሃቫ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «በመጀመሪያው ቀን? ታዲያ ከዚያ ወዲህ ባዶ እጅህን ነው ገደል ለገደል የምትዞረው? ገና አምስት ወር ይቀርሃል እኮ፣ አንተ ጅል!»

«ኧረ አታስቢ! አባባ የሰጠኝ ገና ኪሴ ውስጥ ነው።»

ዝሃቫ ዞር ስትል ኑሪኤል ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ከፍ አደረገው።

«አንተ ሰውዬ! ስንት ሳንቲም ሰጠኸው?»

«ሰባት» አለ ከጋዜጣው ጀርባ። «ለየወሩ አንድ አንድ ነው። ሰባተኛው… ምናልባት ቢዘገይብን ብዬ ነው።»