የመምህሩ ድርሻ

ባለፈው ሳምንት የቴሌቪዥኑ ሪሞት እምቢ ቢለኝ ጀርባውን ከፈትኩት። ውስጥ ያለው ርካሽ ባትሪ አብጦ ፈንድቶ ኖሮ ጥቁር ዱቄቱ ጣቴ ላይ ተራገፈ። ሌላ ሰው ሄዶ ይታጠባል፤ እኔ አሸተትኩት። የመጨረሻዋ ልጄ «መርዝ ነው እኮ» ብላ ተቆጣችኝ። መርዝ መሆኑን አጥቼው ነው? በሱ ተለቅልቀን አይደል እንዴ ያደግነው።

ልንገርሽ፤ በእኛ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ የሚጠቁረው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ያለቀ ባትሪ እንፈልጥና ውስጡን ወቅጠን፣ ከዱባ ቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሰን፣ በጨርቅ ሰሌዳው ላይ እናሸዋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ ነበረን። እርጥብ ቅጠልና ባትሪ አንድ ላይ ሲሸት አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ እጅ ደግሞ እስከ ሰኞ አይለቅም። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ ሰው ስለነበር ባትሪው ከእኛ ቤት ነው። ቅጠሉን የምታመጣው አንድ ዴስክ የምንጋራው ጓደኛዬ ነበረች፤ የአገሬው የሸኮ ልጅ፣ ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ የምትመጣ።

ከተማ አልኩሽ እንጂ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደረ ቆርቆሮ ነበር። ከቆርቆሮው ጀርባ ወዲያው ቡና፣ ከቡናው በላይ ጫካ። ዝናቡ ሲጀምር መምህር ማስተማሩን ያቆማል፤ አይሰማማ። የጓደኛዬ አባት ከዚያ ጫካ ሥር ትንሽ ቡና ነበረው፣ ዛፍ ላይ የሰቀለው ቀፎም ነበረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ ነበረው፤ የጓደኛዬ ታላቅ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው የደረሰ። ማን እንደሚዘምት፣ ማን እንደሚቀር የሚመርጠው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር። ስለዚህ እነሱ ቤት የሊቀመንበሩ ስም ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ይላል።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ከሰሜን የመጣ ወጣት ነበር። ዝናባችንን መራገሙ የማያባራ። «እናንተ አገር ሰማዩ ቀዳዳ ነው» ይለን ነበር። ግን ሲያስተምር፣ እግዜር ይስጠው፣ ነፍሱን ሰጥቶ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ዓረፍተ ነገር የጻፈለትን ልጅ ዜሮ ይሰጠዋል። «ከየጓሯችሁ አምጡልኝ» ይላል። ማፍላት የሚለው ግሥ ሲመጣ ጓደኛዬ «እናቴ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ታፈላለች» ብላ ጻፈች። ጉድ ነው ብሎ እቤታቸው ድረስ ወጥቶ ቀመሰው። እንባውን እየጠረገ ሁለት ዋንጫ ጠጣ።

ዓርብ ሲቀር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰሌዳ፣ ገበሬዎቹን መሠረተ ትምህርት ያስተምር ነበር። እነሱንም የሚላቸው አንድ ነገር ነው፦ «ያያችሁትን ፊደል ሁሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ አትፈሩ።» እነሱም ቃሉን ጠበቁ። ሱቃችን ይመጡና የሳሙናውን መጠቅለያ ሳያነቡ አይገዙም። አንዱ ሲጀምር ሌላው ያግዘዋል። አባቴ «ሳሙና ልትገዙ ነው ወይስ ልትቀድሱበት?» እያለ ይነጫነጫል፤ ሲያነቡ ግን ራሱም አብሮ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ሊቀመንበሩም እዚያው ክፍል የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ፊደል የቆጠረው።

አንድ ዓርብ መምህሩ ኦፕረስ የሚለውን ግሥ ጻፈ። መጨቆን ማለት ነው አለ። ከዚያ በፊት ሰምተነው የማናውቀው አልነበረም፤ በአማርኛው በየስብሰባው ጠግበነዋል። ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲለን ሁላችንም ባላባቱ ገበሬውን ጨቆነ አልን። አንዱ ብቻ ኢምፔሪያሊዝምን ጨመረበት። መምህሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ይሄንማ ሬድዮውም ይለዋል» አለ።

ከዚያ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ይሄ ግሥ ሁለት ወገን ይፈልጋል አለ፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች። «ወንድምሽ ቢመታሽ ኦፕረስ አይባልም። አንድ ቀን ክፉ መዋልም ኦፕረስ አይባልም። ሥልጣን ያለው ሰው ትከሻሽ ላይ ወጥቶ፣ አልወርድም ብሎ ሲከርም ነው።» ጓደኛዬ ተነሳች።

እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነበር። ደቦ ለሚለው ቃል እንግሊዝኛ አጥታለት ደቦ ብላ አለፈችው። ያለችው ግን ይሄ ነው፦ «ደቦ ጠርቶ የማያበላ፣ አብሮም የማይቆፍር፣ እሱ ሰውን ይጨቁናል።»

እንግዲህ ደቦን ታውቂዋለሽ። እዚያ አገር ደግሞ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ጠሪው ከሁሉ ቀድሞ ዶማ ያነሳል፣ ሲያበቃ በኮባ ቅጠል ጎደሬውን፣ በቆሎውን፣ በቅል ደግሞ ቦርዴ የሚሉትን መጠጥ አቅርቦ ያበላል። ለሠራልህ ሰው ሳታበላ ማሰናበት ነውር ነው፤ የሞተ ሰው እንኳ ቢሆን ድርሻው ይወጣለታል ይላሉ። በዚያን ዓመት ደቦ ጠርቶ የማያበላ ሰው በአገሩ አንድ ብቻ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ገበሬው ሁሉ የሊቀመንበሩን ቡና ይመነጥራል፤ እሱ ጥላ ሥር ወንበር አስወጥቶ ይቀመጣል፤ ውኃ እንኳ አያቀርብም። ራሱ እኮ ጭሰኛ የነበረ ሰው ነው። እኛ ልጆቹ ሁላችን ማንን እንዳለች ገብቶናል። ያልገባው መምህሩ ብቻ ነበር፤ ላገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ። ዝም ማለታችንን አድናቆት አደረገው።

እንዴት ደስ እንዳለው። ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሎ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል አማርኛውን። «ማንም እንዳይነካው፣ ሰኞ ለስምንተኛ ክፍሎች አሳያለሁ» ብሎ በሩን ቆልፎ ሄደ።

ጓደኛዬ መንገድ ላይ እጄን ያዘች። ቃሉ የአባቷ ነው አለችኝ፤ ሐሙስ ማታ እጁን በቅቤ እያሸ የሚናገረው። «ሰው ካየው ወንድሜን ይወስዱታል» አለች። ነገ ተራችን ስለሆነ በጠዋት መጥተን፣ ዘበኛውን አስከፍተን ልናጠቁረው ተማማልን፤ መምህሩ ቢቆጣም ይቆጣ።

በጠዋት መጣን። እሷ የጥቁሩን ሳህን ይዛ፣ እኔ ጨርቁን። በሩ ቀድሞን ተከፍቷል። ስለ ቡና አቅርቦት ድንገተኛ ስብሰባ ተጠርቶ ገበሬው በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ ይናገራል። መስኮቱ ጋ ደርቀን ቀረን።

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ፊደል አይተው እንዴት ዝም ይበሉ። «ደ… ቦ…» አሉ። ከጎናቸው ያለው «ጠ… ር… ቶ…» ብሎ አገዛቸው። ከኋላ ሌላው ተቀበለ። ሱቃችን ውስጥ ሳሙና እንደሚያነቡት፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ እየተጋገዙ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሊቀመንበሩ ስለ ኪሎ ማውራቱን ቀጠለ። ኋላ ዞር አለ። እሱም እንደ ተማረው ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ፣ ጮክ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው አነበበው። ሲጨርስ ነው የገባው።

ማንም አልሳቀም። የሚሊሺያው ጠመንጃ ከዴስክ ጋር ሲጋጭ ትዝ ይለኛል።

መምህሩን ከኪራይ ቤቱ አመጡት፤ ፎጣው አንገቱ ላይ፣ ጆሮው ሥር ሳሙና። ሊቀመንበሩ «ይሄ ቃል የማን ነው?» አለው። መምህሩ ሰሌዳውን አየ፣ ያቀረቀሩትን ገበሬዎች አየ፣ ሊቀመንበሩን አየ። በዚያች ቅጽበት እንደገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ዓይኑ መስኮቱ ላይ፣ እሷ ላይ አረፈ። ጓደኛዬ አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር፤ እስከ ዛሬ እምልልሻለሁ።

እሱ ቀደማት። «የእኔ ነው» አለ።

«አንተ ስለ ደቦ ምን ታውቃለህ?»

«ደቦማ እኛም አገር አለ» አለ መምህሩ። «እኛም አገር ያበላሉ።»

አባቷ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነበር። ቃሉ ከእሱ አፍ የወጣ መሆኑን ያውቃል። መሬት መሬት እያየ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ መሃል ቀርቅሮ ቁጭ እንዳለ ቀረ። ልፈርድበት አልችልም። ልጅ ያለው ያውቀዋል።

ሊቀመንበሩ መስኮቱ ጋ አየንና የያዝነውን ተመለከተ። «ግቡና አጥቁሩት» አለ። ገባን። ሁሉም እያየን፣ እሱም እያየ፣ አጠቆርነው። እኔ የእንግሊዝኛውን፣ እሷ የራሷን አማርኛ። ጥቁሩ በክንዷ ይወርዳል፣ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ ድምፅ አላሰማችም። ስንወጣ መምህሩ በሩ አጠገብ ነበር። «ጥሩ አድርጋችሁ ነው ያጠቆራችሁት» አለን፤ እንደ ሌላው ቅዳሜ ሁሉ። ያን ቀን በጭነት መኪና ወደ ሚዛን ወሰዱት። አንዱ ማጂ ታስሯል አለ፣ ሌላው ጦር ግንባር ልከውታል አለ። ካፖርቱ ክፍላችን ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ።

ሰሌዳውን ስንቴ አጠቆርነው። እሱ ጠመኔውን ተጭኖ ነው የሚጽፈው፤ በረፋዱ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ፊደሎቹ ከጥቁሩ ሥር ይታዩ ነበር። አዲሱ መምህር አያነበውም። እኛ እናነበዋለን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃችንን ሳናሰማ።

ወንድሟ በዓመቱ ተወሰደ። አባትየው በዝምታው ያገኘው ያንን አንድ ዓመት ብቻ ነው። ልጁስ መንግሥት ሲወድቅ ተመለሰ፤ መምህሩን ግን ያየው የለም።

መምህሩ በተወሰደበት ዓመት ቡና ሲደርስ አባቷ ደቦ ጠራ። እኔም ሄጄ ለቅሜአለሁ። ሲያበቃ ምግቡ በኮባ ቅጠል ለሁላችን ተከፋፈለ፤ አባትየው አንድ ድርሻ ለብቻው ጠቀለለና ቀፎው ከተሰቀለበት ዛፍ ግንድ ሥር አስቀመጠው። «የአስተማሪው ነው» አለ። «ለእኛ ሠርቶልን ሳይበላ ነው የሄደው።» ተነሥቶ ወደ ቡናው ውስጥ ገባ። ሲያለቅስ ሰምተነዋል።

ልጄ ባለፈው ያንን ኦፕረስ የሚለውን ግሥ ስልኳ ላይ ነካ አድርጋ «መጨቆን» ብላ አነበበችልኝና አለፈች።

ዘንድሮ በኅዳር ለጓደኛዬ የቡና ደቦ ወደዚያው ወረድኩ። መኪናውን ጭቃ ይዞት ስደርስ ደቦው ተበትኗል። ጓደኛዬ አርጅታለች፤ እኔስ ብትይ። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ የመምህሩን ድርሻ አሁን የምታወጣው እሷ ናት። ከግንዱ ሥር የተጠቀለለውን የኮባ ቅጠል አነሳችና ፈታችው፤ ጎደሬው ገና ለብ ያለ ነበር። «በየዓመቱ ማን ይበላዋል?» አልኳት። መንገደኛ ካለፈ ይበላዋል፣ ካላለፈ ወፍ ይበላዋል አለችኝ።

እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ብዪለት» አለች። «ዘንድሮም ሳይመጣ ቀረ።»