ሐሜቱ መሀል ወንበር ስቦ የተቀመጠው ሰውዬ

ሰፈራችን ውስጥ አፉን በምስማር ሞልቶ ቀልድ የሚያስብ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ያረጀ ሶፋ ያድሳል። ትንንሾቹን ምስማሮች በከንፈሩ ደርድሮ ይይዝና አንድ በአንድ እያወጣ ጨርቁን እንጨቱ ላይ ይመታል። በዚያ መሀል ምንም ብትሉት አይመልስም። ምስማሩ ያለቀ ጊዜ ግን ወየውላችሁ! ያጠራቀመውን በሙሉ ነው የሚለቅባችሁ። ሶፋውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ሆዱን ይዞ እዚያው ሶፋ ላይ ሲንከባለል አይቻለሁ።

ስሙን ሁላችንም ትተነዋል። "ስፖንጁ" ነው የምንለው። ከሥራው የመጣ ቅጽል ነው፤ የለም፣ የተወረወረበትን ሁሉ ውጦ ዝም ስለሚል ነው የሚሉም አሉ። እሱ ግን አይወደውም ነበር። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ስፖንጁ የሚባል ሰው የለም፤ ሱፍ ለብሶ፣ ጫማውን አሳምሮ፣ አደባባዩ ጋ ባለው አዳራሽ ማይክ ጨብጦ የሚቆም ኮሜዲያን ነው። ስለ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ስለ ትልልቅ ሆቴል፣ ስለ አሳንሰር ይቀልዳል። ተመልካቹ ጨዋ ስለሆነ ያጨበጭብለታል። ሳቅ የሌለበት ጭብጨባ ደግሞ ለቀልደኛ "ነፍስ ይማር" እንደማለት ነው።

አንድ ቀን የአዳራሹ ኃላፊ፣ ጥርሱ ታይቶ የማይታወቅ ሰውዬ፣ ጠራውና "ስማ ወንድሜ፣ የፊታችን ቅዳሜ ካልሆነልህ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ" አለው።

ይሄ ወሬ እንዴት አክስቱ ጆሮ እንደገባ አትጠይቁኝ። ያሳደገችው እሷ ናት፣ ዛሬም አብረው ነው የሚኖሩት። ሳምንቱን ሙሉ ክፍሉን ዘግቶ ቀልዱን ሲለማመድ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሰማች፤ ሰምታም በቃሏ ያዘች። ከዚያ ዘመድና ጎረቤት ሰበሰበች። "ልጄ ብቻውን አይቆምም! ስትስቁ ደግሞ እንደ ሙሽራ አፋችሁን እንዳትሸፍኑ፣ ለቀቅ አድርጋችሁ ሳቁ!"

ቅዳሜ የፊተኛው ረድፍ በነሱ ተሞላ። ስፖንጁ ወጣ፣ ማይኩን አስተካከለና "አንድ ሰውዬ አውሮፕላን ተሳፈረ..." አለ።

ፊተኛው ረድፍ በሳቅ ፈረሰ።

ገና ሰውዬው ቀበቶውን አላሰረም! ኋላ የተቀመጡት "ምን አለ? ምን አለ?" ተባባሉ። ስፖንጁ ላቡን ጠርጎ ቀጠለ። "ሰማይ ላይ ሲደርሱ ሰውዬው አስተናጋጇን ጠራና..."

"አሁን 'መስኮቱን ክፈቺልኝ' ይላታል፣ ቆይ ስሚ!" አለች አክስቱ አጠገቧ ላለችው ጎረቤት። የአክስቱ ሹክሹክታ ማይክ አያስፈልገውም። አዳራሹ በሙሉ ሰማ።

"...መስኮቱን ክፈቺልኝ አላት" አለ ስፖንጁ።

የሳቀ የለም። ከዚያ በኋላ ያወራው ሁሉ እንዲሁ በአክስቱ አፍ ቀድሞት ደረሰ። ሲወርድ ያጨበጨበለት እንኳ አልነበረም። ኃላፊው በሩ ላይ ጠብቆ ትከሻውን መታ አደረገው፤ ምን ለማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር።

አክስቱ በማግስቱ ሥራ ቦታው ድረስ እያለቀሰች መጣች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሶፋ ሊያሠራ የመጣ ሰው መስዬ መቀመጥ እችልበታለሁ።

"ምላሴ ይቆረጥ! እኔ ልደፋልህ የኔ ልጅ፣ ገደልኩህ!"

ስፖንጁ መምታቱን ቀጠለ። አፉ ምስማር ነው። እሷ ግን የተቀየማት መስሏት ለቅሶዋን ጨመረች። አለቃቅሳ አለቃቅሳ፣ አልመልስ ሲላት ደግሞ ተናደደች።

"ደሞስ ቢሆን! እዚያ ላይ የቆመውን ሰውዬ እኔ አላውቀውም። አውሮፕላን የት ታውቃለህ አንተ? ደረጃ ስትወጣ እንኳ የሚያዞርህ ልጅ! እዚህ ሰው ታስቅ የለም እንዴ? ያ ሱፍ ነው የሚያንቅህ!"

መዶሻው ቆመ። ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋና ቀና ብሎ አያት። አሁን ይጮህባታል ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ወሬ የምትበላ ነፍሴ ጓጉታ ነበር።

"አክስቴ፣" አላት፣ "መሳቅ ያቆምሽው የቱ ጋ ነው?"

"ምን?"

"የምሬን ነው። ከልብሽ የሳቅሽው የቱ ጋ ነው፣ ለኔ ብለሽ የሳቅሽውስ?"

አክስቱ እንባዋን ጠረገችና አሰበች። "እውነቱን ልንገርህ? ሁሉንም ላንተ ብዬ ነው።"

እኔ ብሆን ቤት ዘግቼ እተኛለሁ። እሱ ግን ሰብሰብ ብላ የተቀመጠችበትን ሶፋ መታ መታ እያደረገ እንዲህ አለ፦ "ሶፋ ሲበላሽ ላዩ ላይ አዲስ ጨርቅ ብታለብሺው ሞላው ነገ ተነሥቶ ይወጋሻል። ይፈታል እንጂ አይሸፈንም። እኔም ልፈታ ነው።"

ተፈታ እንግዲህ! የወደቀ ሰው ሐሜቱ እስኪበርድ በጓሮ ነው የሚመላለሰው። ይሄ ሰውዬ ሐሜቱ ያለበት ድረስ ሄዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፀጉር ቤት ገብቶ "ቅዳሜ አዳራሽ ነበራችሁ? የቱ ጋ ሰለቸኋችሁ?" ይላል። የሚያሙት ሰዎች ደነገጡ። ፊት ለፊት ሲጠየቁ ሐሜት አያምርም፤ ምክር ይሆናል። ባለሱቁ "ሳይህ የሚያበድርህ ሰው ፊት የቆምክ ነው የመሰልከኝ" አለው። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ "ያንተን ቀልድ እወዳለሁ፣ ያንን የሱፍ ለባሹን ግን አልወደውም" ብላው እሱ ራሱ ሳቀ። ወሬ ስለቅም ነው ያደግሁት፤ የራሱን ሐሜት እየዞረ የሚለቅም ሰው ግን ሌላ አላየሁም። ልቡ አልተሰበረም ብዬ አይደለም። ከፀጉር ቤቱ ሲወጣ ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ሲጨፍን አይቻለሁ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

መጨረሻ ላይ ኃላፊው ጋ ገባ። ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል።

"የዝግጅቱን መክፈቻ ስጠኝ" አለው ስፖንጁ።

"ያኔማ ሰው ወንበሩን እየፈለገ ነው። ማን ይሰማሃል?"

"ደግ ነዋ። ብወድቅም የሚያይ የለም።"

ኃላፊው ትንሽ አሰበ። "ማን ብለን እንጥራህ?"

"ስፖንጁ በሉኝ።"

የዚያን ቅዳሜ በሥራ ሸሚዙ ወጣ። ገሚሱ ሰው ቆሟል፣ ገሚሱ "ይሄ ወንበር የኔ ነው" እየተባባለ ነው። ስፖንጁ ልክ ሥራ ቦታው እንዳለ ማውራት ጀመረ። "አንድ ደንበኛ ሶፋ ይዞ መጣና 'ሚስቴ የገዛችልኝ የእጅ ሰዓት ጠፍቷል፤ ሌባ ሰረቀኝ ብያታለሁ፤ ውስጡ ብታገኘው አደራህን እንዳትነግራት' አለኝ። እሱ እንደወጣ ሚስቱ ደወለች። 'ሰዓቱን ሶፋው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ ቀጭ ቀጭ እያለ እንቅልፍ ነሣኝ። ብታገኘው አደራህን እንዳትነግረው' አለችኝ።"

የሚከራከሩት ሰዎች ዞር አሉ።

"ምን ላድርግ? አገኘሁት፣ መልሼ ከተትኩትና ሰፋሁበት። ቤቱ አሁን ሰላም ነው። እንግዳ ሲቀመጥ ብቻ ሶፋው ይቆጥራል።"

አዳራሹ ተናወጠ ብዬ ባጋንን ደስ ባለኝ። አልተናወጠም። መሀል አካባቢ ያሉት ሳቁ፣ አንድ ሽማግሌ እያሳለ ሳቀ፣ በር ላይ የቆሙት ግን ምንም አልሰሙም። ቀጥሎ ያወራው ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ተነሣ። ሲወድቅበት ላብ አልጠረገም፤ "ይሄኛው ገና ይፈታል" ብሎ ወደ ሌላው አለፈ። በዚችም ሳቁ። ስፖንጁ ሲወርድ ኃላፊው ጠበቀውና "በሚቀጥለውም መክፈቻው ያንተ ነው። ከዚያ በላይ ግን አትጠብቅ" አለው። ስፖንጁ አልጠበቀም፤ ዛሬም የሚከፍተው እሱ ነው።

ሰሞኑን አንዲት ሴትዮ ሶፋ ልታሳድስ መጥታ እዚያው ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ትኩር ብላ ስታየው ቆየችና "ይቅርታ፣ አንተ ያ አዳራሹ ውስጥ..." አለች። ድሮ ቢሆን "ተሳስተሻል፣ ወንድሜን አይተሽ ይሆናል" ይል ነበር።

"አዎ፣ እኔ ነኝ እትዬ" አላት። "ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እወድቃለሁ፣ አንዳንዴም ይሳካልኛል። በሉ አሁን ይነሡልኝና ሶፋውን ልየው።"